ባና ለብሰን ደሴ የወጣን ጊዜ

ከደሴ ከተመለስኩ ወዲህ ደጅ በወጣሁ ቁጥር ሰው ያስቆመኛል። የሚጠይቁኝ ሁሉ የሺ የነገረቻቸውን ነው። የሺ ጎረቤቴ ናት፤ አብራኝ ሄዳለች። እሷ እንደምታወራው ከሆነ ደሴ ላይ ቴሌቪዥን ቀርጾናል፣ አንድ ትልቅ ሹም ጉልበቷን ስሟል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰውም ስሟን እየጠራ አጨብጭቧል። ይህ አልሆነም። የሆነውን ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል። የሰፈራችን ሴቶች አብዛኞቹ ደሴን የሚያውቋት በሕክምና ነው፤ ለልብስ ትርዒት የሄደ ሰው ከእኛ በፊት ያለ አይመስለኝም።

የሄድነው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ታኅሣሥ መሆኑ ነው። የጠራችኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የሐይቅ ከተማ ሰው ስትሆን ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ በአንዱ ጥግ ትሰግዳለች፣ እኔ በሌላው ጥግ እጸልያለሁ፣ መሃል ላይ የሒሳብ የቤት ሥራ እንሠራለን። ከዚያ በኋላ እኔ ውጫሌ ገብቼ በመሥሪያ ቤት ታይፒስትነት ጡረታ ወጣሁ፤ እሷ ሐይቅ ላይ ነግዳ ልጆች አሳደገች።

የመጨረሻ ልጇ ሩቅያ አረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርታለች። ለውጡ የመጣ ሰሞን «አሁን አገር ውስጥም ይሠራል» ብላ ተመለሰችና ሐይቅ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከፈተች። ጦርነቱ ሲመጣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖቿ ሁሉ ተወሰዱ። የቀረችው በእግር የምትረገጠዋ አሮጌ ብቻ ናት፤ ከብደቻቸው ይሁን ንቀዋት አይታወቅም። ሩቅያ በዚያችው ስትሰፋ ከርማ አሁን ደሴ ላይ የልብስ ትርዒት ልታሳይ ነው።

«ጥሩዬ፣ ነይልኝ» አለችኝ ዘይነባ በስልክ። «የሩቅያ የአረብ አገር ቪዛ መጥቷል። ሻንጣዋም ታስሯል። ትርዒቱን አይቶ ልብስ የሚያዛት ሰው ካገኘች ትቀራለች። ካጣች ጥር ሲብት ትሄዳለች። ከእንግዲህ ከሄደች ደግሞ እኔ እስክሞት የምትመጣ አይመስለኝም።»

«እኔ መጥቼ ምን እሠራለሁ?»

«ትቀመጫለሽ። አንቺ የተቀመጥሽበት ቤት ቁም ነገር ያለበት ይመስላል።»

ለመቀመጥ ከሆነ ብዬ ተነሣሁ።

አንደኛው ቀን

መናኸሪያ ስደርስ የሺ ቀድማኝ ቆማለች። አልጠራኋትም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ራሷን የሚያክል ዱባ ታቅፋለች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ካንቺ ጋር ነዋ! ብቻሽን ከተማ ለከተማ ልትዞሪ? ሰውስ ምን ይለኛል?»

«ዱባውስ?»

«ባዶ እጄን ሰው ቤት ልግባ?»

የሚኒባሱ ረዳት ዱባውን ላይ ልጫነው ቢላት «አንተን ይጫኑህ!» አለችው። ዱባው እግራችን ሥር ተቀመጠ። መንገዱን ለማያውቅ ሰው፣ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ ሲሄዱ ቀጥ ያለ ነገር ጥቂት ነው። መጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ዱባው ተነሣ። የአንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ገጨ፤ በሰው እግር መሃል እየተጋፋ ወደ ፊት ገሠገሠና ሾፌሩ እግር ሥር ገብቶ ተወሸቀ። ሾፌሩ እንደምንም ዳር ይዞ አቆመና ዞሮ አየን።

«የማን ዱባ ነው?»

መኪና ሙሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ። የሺ በመስኮት ተራራ ታያለች።

«የማን ነው አልኩ እኮ!»

«የሰው ቤት ዱባ ነው ልጄ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ሐይቅ ነው የሚወርደው።»

ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሲጨርስ ግን ፈረደ፤ ዱባው እንደ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል እንጂ መሬት አይነካም። ስለዚህ ዱባው በመስኮት በኩል ሆኖ አገር እያየ ሄደ፣ እኔ በወንበሩ ጠርዝ። አንድ ቦታ ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጦር መኪና ቆሟል። ሣር በቅሎበታል፤ ፍየሎች ጥላው ሥር ተኝተዋል። በዚያ ስናልፍ መኪናው ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ካለፍነው በኋላ ስለ ዱባው ቀጠሉ።

ሐይቅ ስንደርስ ነፋሱ ከውኃው በኩል ይመጣል። እኛ ጋ ነፋስ የሚመጣው ከተራራ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ስሆን ሁልጊዜ ጀርባዬን ወደ የት እንደማዞር ግራ ይገባኛል። የሺ ዱባውን ብርድ እንዳይመታው ብላ በነጠላዋ ጠቅልላ ባጃጅ ላይ ወጣች። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እኔን አገላብጣ ሳመችኝ፣ ወደ የሺ እቅፍ ጎንበስ አለችና «ማሻአላህ! የልጅሽ ልጅ ነው?» አለች።

«ዱባ ነው» አልኳት።

«ወላሂ ዝምታውን አይቼ ገርሞኝ ነበር።»

ከበሩ ኋላ ቀይ ትልቅ ሻንጣ ቆሟል። በገመድ ተጠፍሮ ታስሯል፤ የሩቅያ ስም በትልቁ ተጽፎበታል። ዘይነባ ከጦርነቱ በኋላ ያደሰችውን ግድግዳ፣ አዲሱን በር፣ የቀየረችውን ቆርቆሮ ሁሉ አሳየችን። በሻንጣው በኩል ስታልፍ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ ፊቷን አዙራ ነው።

ዘይነባ ቤት የእኔ ድስት አለ። ለእኔ ብቻ የሚሠራበት ስለሆነ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። በጦርነቱ ከቤት ሲሸሹ ምን ይዘሽ ወጣሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ቁርኣኔንና ያንቺን ድስት» አለችኝ። «ድስቱን ለምን እንደያዝኩት አላህ ይወቀው፤ እሳት የለን፣ ቤት የለን።» በዚህ ድስት የጾም ዱባ ወጥ ተሠራልኝ። ዱባው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ለእኔ ኖሯል።

የሺም ጾመኛ ናት፤ ግን የሐይቅ ዓሣ ተጠብሶ ሲቀርብ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«ዓሣ ጾም አይገድፍም» አለች።

«ማን አለሽ?» አልኳት።

«አይጮኽ፣ አያለቅስ፣ ውኃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይኖራል። ከጎመን በምን ተለየ?»

ጎመኑን እስከ ጭራው ጨረሰችው።

እራት ላይ ዘይነባ አንድ ወሬ ነገረችኝ። ደሴ አብራን የተማረችውና እዚያው የቀረችው አስካለ የልጇ መርዶ መጥቶባታል። ልጁ በጦርነቱ ከሄደ ጀምሮ ወሬው ጠፍቶ ነበር። በዚህ ሳምንት ተረዳች። የእኛ አገር ወግ የታወቀ ነው፤ ልቅሶ ሳይደርሱ፣ አጠገቧ ሳይቀመጡ፣ ሐዘንተኛ ባለችበት ከተማ ለብሶ ሲስቁ መታየት ነውር ነው።

«እንግዲያ መጀመሪያ ልቅሶ እንድረስ» አልኩ።

ሩቅያ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና አለች። «አይሆንም እትዬ ጥሩ! ዓይናችሁ ያብጣል!»

የእኛ ዓይን ቢያብጥ ትርዒቱን ምን ይጎዳዋል ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ። ትርዒቱ አልቆ በማግሥቱ ጠዋት ልቅሶ እንድንሄድ፣ እስከዚያው ግን አስካለ እንዳታየን ተስማማን።

ሁለተኛው ቀን

ሩቅያ ረጅም፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ሜትር ከአንገቷ የማይለይ ልጅ ናት። ጠዋት ልብሶቹን አወጣችልን። ከባና የተሠሩ ኮቶች ናቸው። ባናን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደገኞች ከበግ ፀጉር የሚሠሩት ወፍራም ጥቁር ብርድ ልብስ ነው። አያቴ ይለብሱት ነበር። እሳቸው ሲሞቱ በቅሎው ለበሰው፤ በቅሎው ሲሞት ጎተራ ተከደነበት። ኮት ሆኖ፣ አንገትጌ አውጥቶ፣ ወገቡ ጠብቦ ግን አይቼው አላውቅም። አያቴ ቢያዩት መጀመሪያ ራሳቸውን ይይዙ ነበር፣ ቀጥለው ይለብሱት ነበር።

«የሚያሳዩት ልጆች የታሉ?» አለች ዘይነባ።

«ቀሩ» አለች ሩቅያ። «ከደሴ መጥተው ለክተውት ነበር። አንዷ ያሳክካል አለች። አንዷ ያወፍረኛል አለች። ሦስተኛዋ ምንም አላለች፣ አውልቃ ሄደች።»

«እና ማን ይለብሰዋል?»

ሩቅያ በተራ በተራ አየችን። ቀድማ የገባት የሺ ናት።

«እኔ ቢያሳክከኝም አልናገርም!» ብላ ተነሣች።

«እኔ የመጣሁት ልቀመጥ ነው» አልኩ።

ዘይነባ ወደ በሩ ኋላ፣ ወደ ሻንጣው አየች። ኮቱን ለበስኩት።

ሩቅያ አረብ አገር በቴሌቪዥን ያየችውን አካሄድ ልታስተምረን ተነሣች። መሳቅ የለም፤ ግራና ቀኝ ማየት የለም፤ ማንንም ሰላም ማለት የለም። «ሩቅ እያያችሁ፣ ማንንም እንደማታውቁ ሆናችሁ ነው የምትሄዱት። እትዬ ጥሩ፣ የእርስዎ ፊት እንዳለ ይሁን፤ ምንም እንዳይነኩት።»

«ማንንም እንደማናውቅ? ሐይቅ ላይ?» አለች እናቷ።

«ለዚያ ነው እማ ልምምድ የሚያስፈልገው።»

ግቢው ጠባብ ስለሆነ ወደ ውኃው በሚወስደው መንገድ ወጣን። ከፊት የሺ፣ መሃል ዘይነባ፣ ኋላ እኔ። ሦስት አሮጊቶች፣ ሦስታችንም ጥቁር ለብሰን፣ ፊታችንን አኮስትረን፣ ማንንም ሰላም ሳንል እንሄዳለን። አንድ ጫማ ሰፊ ሥራውን ትቶ ቆመ። አንድ ባጃጅ ሙዚቃውን አጠፋ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላዬ ገባ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስንደርስ የእግሩ ድምፅ በዛብኝ። «ማን ነው የሞተው?» «እኔም አላወቅሁም» ሲባባሉ እሰማለሁ። አንዱ «ኢና ሊላሂ» አለ። አንዲቷ ጭራሽ ታለቅስ ጀመር። ዞሬ እንዳላይ ማየት ተከልክያለሁ።

ሩቅያ እየሮጠች ደረሰች። «ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም! የልብስ ልምምድ ነው!»

ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ በጣም ተናደደ። «ሰው ካልሞተ ለምን ሰላም አላሉንም?»

ቆመን አንድ በአንድ ሰላም አልናቸው፤ የየቤተሰቡን ጤና ጠየቅን፤ ዘይነባም ይቅርታ ጠየቀች። ልምምዱ ከዚህ አላለፈም። ማታ ሩቅያ ቁልፍ ስትተክል ነበር፤ ዘይነባም ቁጭ ብላ ታያታለች። እኔ የተኛሁት ሻንጣው አጠገብ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ደሴ ብርድ ናት። እኛ ጋ የታኅሣሥ ብርድ ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። ደሴ ላይ ግን ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ውስጥ ሥራ ያለው ሰው ይመስል ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ያረፍነው ፒያሳ አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ነው። ለአራታችን ሁለት አልጋ ሰጡን፤ እኔ የደረሰኝ ከየሺ ጋር ነው። የቤቱ እመቤት እኔና የሺ ከውጫሌ፣ የአምባሰል ሰዎች መሆናችንን ስትሰማ አንድ ብርድ ልብስ ጨመረችልንና «እኛም በጦርነቱ ስንሸሽ የእናንተ አገር ሰው ነው በመንገድ ውኃ ያጠጣን» አለች። ቁርስ ፉል አመጣችልን፤ የእኔን ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ለይታ፣ ሳልነግራት። ከትናንት በስቲያ ዓሣ የበላው የየሺ ምላስ «የእኔም የጾም ይሁን» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። የሠራቸው እንድሪስ የሚባል የሥዕል መምህር፣ የሩቅያ ጓደኛ ነው። ትርዒቱን አብረው ነው ያዘጋጁት። ከሥዕሎቹ ትልቁ የላም ነው። የሺ ከፊቱ ቆመች፤ እጇን ከኋላ አጣምራ፣ ገበያ ላይ እንደምታደርገው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዞራ አየችው።

«ይቺ ላም ወልዳለች?»

«አልገባኝም እማማ» አለ እንድሪስ።

«ጡቷን ግተህ ሠርተሃል። ጥጃዋስ? ጥጃ በሌለበት ማን ያልባታል?»

«ሐሳቡ እኮ... ብቸኝነቷን ለማሳየት ነው።»

«እሱ እንግዲህ ያንተ ነው። ወተት ግን አትሰጥህም።»

እንድሪስ አገጩን ይዞ ቀረ። ምሳ በልተን ስንመለስ ከላሟ እግር አጠገብ አንዲት ቡናማ ጥጃ ተጨምራለች፤ ቀለሟ ገና አልደረቀም። የሺ «አሁን ላም ሆነች!» ብላ ደስታዋን ለመግለጽ ግድግዳውን ተደገፈች። ምን እንደሆነ ያየነው ቀና ስትል ነው። ጥጃዋ ከነጆሮዋ የለበሰችው ኮት ጀርባ ላይ ታትማለች። ሩቅያ ልታብድ ደረሰች፤ በጨርቅ ስታሸው ባሰ። ጊዜም አልነበረም፤ ሰው መግባት ጀምሯል።

አዳራሹ ሞላ ማለት ይቻላል። ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሴቶች፣ ስልካቸውን የደገኑ ወጣቶች አሉ። መሃል ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሙዚቃው እንደተጀመረ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ፤ ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረ። ሩቅያ ከመጋረጃው ኋላ ሆና «ሂዱ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ፣ ሰላም እንዳትሉ» አለችን።

የሺ ወጣች። ሦስት እርምጃ በሥርዓቱ ሄደች። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ አሮጊት መሆኗን አየና «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ፊተኛው ሲነሣ ኋለኛውም ተነሣ። ሰው ቆሞላት ዝም ብላ የምታልፍ የሺ አይደለችም። «በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ! ጦር አይምጣባችሁ፣ ልጅ አይራቅባችሁ!» እያለች ከረድፉ ጫፍ ጀምራ ሰው ሁሉ መሳም ያዘች። ሩቅያ እናቷን ገፋቻት። «ሂጂ አውጫት!»

ዘይነባ ልታወጣት ሄደች፤ ሁለተኛው ረድፍ ጋ ግን እግሯ ተያዘ። ከሐይቅ ሸሽተው ደሴ ሲገቡ ቤቷን ከፍታ ያስጠጋቻቸው ሴት እዚያ ተቀምጣለች። ዘይነባ «ያረቢ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም እየሳቁ ያለቅሳሉ። ምንጣፉ ባዶ ሆነ።

«እትዬ ጥሩ» አለችኝ ሩቅያ። ድምፅዋ ወርዷል። «እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩኝ። ቀጥ ብለው ይሂዱ።»

እኔ ሰላም ባለማለት የታወቅሁ ሰው ነኝ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ሩቅ አየሁ። የማየው ሩቅ የላሟ ሥዕል ነበር። ከላሟ ሥር አስካለ ተቀምጣለች።

እንድሪስ ግቢዋ ውስጥ ተከራይ መሆኑን የነገረን አልነበረም። ቤት ዘግታ ስለተቀመጠች ትንሽ ሰው ትይ ብሎ እሱ ነው ያመጣት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ላይዋ ላይ ስስ ጥቁር ነጠላ፤ በዚያ ብርድ። ቀና ብላ አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። እኔም ልቅሶዋን ሳልደርስ፣ ወገቡ የጠበበ ኮት ለብሼ፣ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቆሜያለሁ።

«አይቁሙ! አይዩ!» ትላለች ሩቅያ ከኋላ።

ከምንጣፉ ወረድኩ። ሄጄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያልኳትን እዚህ አልጽፈውም። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ዘይነባ አይታን መጣች። ቀጥላ አስካለን ከዚያ በፊት አይታት የማታውቀዋ የሺ ጥጃዋን አዝላ መጣችና ከሁላችንም በላይ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከጦርነቱ ወዲህ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያለቅስለት ሰው የሌለው አልነበረም። ሁሉም ወንበሩን እየተወ መጣ። የልብስ ትርዒቱ ልቅሶ ሆነ።

ሩቅያ ከመጋረጃው ወጥታ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። አላለቀሰችም። ዘይነባ ከሰው መሃል ቀና ብላ አየቻት፤ ሁለታችንም ያሰብነው ያንን ቀይ ሻንጣ ነው።

አስካለ ሲበቃት ፊቷን በኮቴ አንገትጌ ጠረገች። ጠርጋ እጇን አላነሣችም። በጣቷ ዳበሰችው።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባና ነው።»

«የበቅሎው?»

«የሰው ነው። ኮት ሆኗል።»

«ይሞቃል» አለች።

እጇን ያዝኩት፤ እንደ ብረት ይቀዘቅዛል። ኮቱን አውልቄ አለበስኳት። ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ለሐዘኗም አልከፋም። ያን ጊዜ ሩቅያ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ልትቆጣኝ የመጣች መሰለኝ። አስካለ ፊት ተንበረከከችና ትከሻውን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች።

«ሰፍቶብዎታል፤ ይጠብልዎ» ብላ ስፒሏን ከአፏ አወጣች።

ያቀፈን ሁሉ ባናውን ነክቶት ነበር ለካ። «እስኪ እኔንም ለኪኝ» አለች አንዲት የቢሮ ሴት ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ መቼም ታኅሣሥን በዚህ ነጠላ አልገፋውም» አለች ሌላዋ። ዘይነባን ያስጠጋቻት ሴት ለራሷም ለምራቷም አለች። ሩቅያ በመስኮቱ ብርሃን ተንበርክካ ስትለካ፣ ዘይነባ ልኩን ስትጠራላት፣ እንድሪስ ስም ሲይዝላት አመሸ። አንዲት ወፍራም ነጋዴ ደግሞ የሺን ከኋላ ይዛ አስቆመቻት፤ «የእኔ እንዲህ ባለ ጥጃ ይሁን!»

የሺ ለእንድሪስ ዞራ «አልነገርኩህም?» አለችው።

አራተኛው ቀን

ጠዋት በወጉ ነጠላችንን አዘቅዝቀን አስካለ ቤት ልቅሶ ደረስን። ኮቱን ለብሳ ተቀምጣለች፤ በስፒል እንደተያዘ ነው። ንፍሮ አቀረቡልን። ስንነሣ እስከ በሩ ሸኘችን፤ ከመርዶው ወዲህ እንግዳ ስትሸኝ ይህ መጀመሪያዋ ነው አለ እንድሪስ።

ሐይቅ ስንገባ ሩቅያ የተሸከመችውን ባና አስቀምጣ ወዲያና ወዲህ ስትፈልግ ቆየችና ቆመች።

«መቀሴ» አለች። «ጥሩው መቀሴ ሻንጣ ውስጥ ነው።»

ሻንጣውን ከበሩ ኋላ ጎትታ አወጣችው። ገመዱ ተጠፍሮ ታስሮ ስለነበር እናቷ ተቀመጠችና በጥርሷ ፈታችላት። መቀሱ ከሥር ነበርና ልብሱ ሁሉ መውጣት ነበረበት። እኔና የሺ የውጫሌ መኪና እንዳያመልጠን ተነሣን። በበሩ ስወጣ ሻንጣው ባዶውን ተከፍቶ ዘይነባ የተቆረጠ ባና ታጥፍበታለች። ስለ መሄድም ስለ መቅረትም የተባለ ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የሺ ጥጃ ያለበትን ኮት እስካሁን አላወለቀችም። እኔ ግን በነጠላ ነኝ፤ የዘንድሮው ታኅሣሥ ደግሞ ለእኔ ብሎ ይመስላል የጠነከረው። ስለዚህ ባለፈው ሩቅያ ጋ ደወልኩና የእኔ ኮት መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኋት።

«እትዬ ጥሩ፣ እርስዎ ቤተሰብ ነዎት፣ ይታገሡኝ። ሰው ወረፋ ይዟል። ለፋሲካ አደርስልዎታለሁ።»

ፋሲካ ሙቀት ነው። ባና የሚለበስበት ጊዜ አይደለም። ስልኩን ዘግቼ ዘይነባ ጋ ደወልኩ።

«ለፋሲካ አለችኝ» አልኳት።

ከኋላዋ በእግር የምትረገጠዋ መኪና ስትንኳኳ ይሰማኛል።

«ፋሲካ ብቻ? ለእኔ እኮ ዐረፋ ነው ያለችኝ» አለች።

«እንግዲያ አታስቸኩያት።»

«ወላሂ አላስቸኩላትም! ጥሩዬ፣ ይበርድሻል እንዴ?»

«አይበርደኝም» አልኳት።